ምርቃትና ምረቃ

በዘመነ ጽጌ፣ ክረምቱ ወጣ ከተባለም በኋላ ዝናቡ ፈጽሞ በማይለቀው በዚያ አገር፣ ጉሙ ከአዌቱ ወንዝ ላይ ቀስ እያለ ሳይገለጥ ገና፣ በሐሙስ ማለዳ ወደ ጅማ የሚያስገቡት መንገዶች ሁሉ በሰውና በጭነት ይሞላሉ። ከደጋማው ዴዶ የሚወርደው ገበሬ ገብሱንና ባቄላውን፣ ድንቹንና ጎመኑን በአህያ ጭኖ ሲመጣ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ በኩል ጎደሬና ሸንኮራ፣ ከማና በኩል ሙዝና ማር፣ ከቀርሳ ሜዳ ደግሞ ጤፍና በቆሎ እየተከታተለ ይገባል፤ ሁሉም የሚገናኘው ከመቶ ዓመት በላይ የነጋዴ እግር በረገጠው በሂርማታ ነው። ባጃጁ ጡሩንባውን እየነፋ በመካከላቸው ሊያልፍ ይሞክራል፤ አህያዪቱ ግን ለባጃጅ መንገድ መልቀቅን ከአያቶቿ አልተማረችምና ባለ ባጃጁ ቆሞ ይጠብቃል።

በዚያ ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቅቤ ተራ አጠገብ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ በሦስት እግሯ በቆመች የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። በርጩማዋን ያዋሱኝ ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ያሰሩ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ የሚመስል እናት ሲሆኑ፣ በፊታቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ፣ ገና ቀይ ልብሱን ያላወለቀ እሸት ኮረሪማና ጥቂት የሙዝ እጆች ዘርግተዋል። በኦሮምኛ ሲሸጡ ድምፃቸው ፈጣን ነው፤ በአማርኛ ሲሆን ቃሉን እንደ ቅቤው እየመዘኑ ያወጡታል። አንድ ጎልማሳ የማይባል፣ ልጅም የማይባል ተማሪ፣ ነጭ ጋወኑን በክንዱ ላይ አጥፎ መጣና፦

«እማማ፣ ሙዙ ኪሎው በስንት ነው?» አለ።

ዋጋውን ነገሩት። ተማሪው አልተከራከረም፤ የሚከራከርበትን ጊዜም ገንዘብም ያጣ ይመስላል። መዝነው ካስረከቡት በኋላ ሦስት ሙዝ ገንጥለው በከረጢቱ ላይ ጨመሩለት።

«ያዝ ልጄ፣ ምርቃት ነው።»

እርሱ ከሄደ በኋላ፣ ለተማሪ ሁሉ እንዲህ ከጨመሩ ምን ይተርፍዎታል ብዬ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ወደ ሄደበት ቀና ብለው አዩና፣ «የእኔ ታናሹ ባሕር ዳር ደርሶት እዚያ ይማራል፤ እዚያም የምትጨምርለት እናት አትጠፋም» አሉኝ። በአገራችን ለብዙው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ አይመረጥም፣ በመንግሥት ድልድል ይደርሳል፤ የጎጃሙ ልጅ ጅማ ይደርሰዋል፣ የጅማው ባሕር ዳር፤ እናቶችም እንደዚህ በማይተዋወቁበት ርቀት፣ አንዷ የሌላይቱን ልጅ በሙዝና በእንጀራ ትጠብቅላታለች።

«መረቀ» የሚለው ግስ በአማርኛችን ውስጥ የሠራውን ሥራ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይደነቃል። አረጋዊ እጁን ዘርግቶ ልጅን ሲባርክ ምርቃት ነው፤ ነጋዴ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ከእጁ የሚጨምረው ምርቃት ነው፤ ተማሪ ጥቁር ካባ ለብሶ ወረቀቱን ሲቀበል ምረቃ ይባላል። ጅማ ሦስቱም በአንድ ላይ የሚገኙባት ከተማ ናት፤ ይህ ጽሑፍም በመካከለኛው ላይ፣ ማለትም ከሚዛን በላይ በሚጨመረው ላይ ያተኩራል፣ ስለ እርሱ የተጻፈው ከሁሉ ያነሰ ነውና።

ሂርማታ ገበያ የሆነው ከተማው ከመኖሩ በፊት ነው። ከጊቤ ማዶ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት፣ ከሊሙ እናርያ፣ ከጎማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር የምትቆጠረው ጅማ፣ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ከሁሉ በልጣ ስትገን፣ የንጉሦቿ መቀመጫ በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበረ፤ ገበያው ግን ከኮረብታው ግርጌ በሜዳው ላይ ተሰየመ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ ግዛታቸውን በሰላም ያቆዩ ብልህ ሰው ሲሆኑ፣ ከገበያ የሚገኘው ሀብት ከጦር ከሚገኘው እንደሚበልጥ ቀድመው ተረድተዋል። ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨውና ጨርቅ አምጥቶ ቡና፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወስድ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። የሂርማታን ድምቀት የሚያወሳ ጸሐፊ ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም፤ ዛሬ ሙዝ በሚመዘንበት ሜዳ ላይ ከኦሞ ወንዝ ወዲያ የተማረኩ ሰዎች በሰንሰለት ቆመው ዋጋ ተቆርጦላቸዋል። የቡናው ታሪክ ሲተረክ የእነርሱም አብሮ ካልተተረከ ጎደሎ ነው።

በጣልያን ዘመን ሜዳው ከተማ ሆነ፤ ዛሬም ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ይዞ ቀርቷል። ኋላም ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። የትምህርት ከተማ ያደረጋት ነገር ግን የመጣው በእርሻ በኩል ነው፤ ይህንንም ስለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያወሩ ብዙዎች ይዘነጉታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952፣ «ፖይንት ፎር» በሚባለው የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ መሠረት፣ የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ መምህራን መጥተው የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሕንፃ ሐረርጌ ላይ እየታነጸ ሳለ፣ የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚሁ በጅማ ነበር፤ እንግዲህ የአገራችን የእርሻ ሊቃውንት አባቶች መጀመሪያ የበሉት የኮሌጅ እንጀራ የጅማ እንጀራ ነው ማለት ይቻላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እንደ አውሮፓውያን፣ አሜሪካን በጎበኙ ጊዜ፣ ከታላላቆቹ ከተሞች አልፈው ስቲልዎተር ወደምትባል ትንሽ የኦክላሆማ የኮሌጅ ከተማ ድረስ የሄዱት በዚህ ዝምድና ምክንያት ነው። ስቲልዎተር በበሬና በስንዴ መካከል የተተከለች ከተማ ናት፤ ጅማ ደግሞ በቡናና በማር መካከል። አርቆ ያሰበ ሰው ሁለቱን ያገናኘው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የእርሻ ትምህርት ቤት የሚበጀው ገበሬው በእግሩ በሚደርስበት ቦታ ነው።

በ1983 እንደ አውሮፓውያን፣ የጤና ሳይንስ ተቋም ተጨመረ፤ በ1992 ዓ.ም. ሁለቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ይህ ተቋም ከሌሎች የሚለይበት አንድ ሥርዓት አለው፦ ተማሪው በመማሪያ ክፍል የሰማውን ይዞ ወደ ማኅበረሰቡ መውጣት ግዴታው ነው። የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተደልድለው ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰርቦ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ ሸቤ ወደ መሳሰሉት ከተሞች ይላኩና፣ ለሳምንታት እዚያው እየኖሩ ቤት ለቤት ይቆጥራሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመረምራሉ፤ ተማሪዎቹ በአጭሩ «ቲቲፒ» ይሉታል። አንድ ከዚህ ሥርዓት ያለፈ ሐኪም እንዳጫወተኝ፣ በሄዱበት ቀበሌ መጠይቁን ይዘው ሲገቡ ባለቤቲቱ መጀመሪያ ጀበናውን ጥዳ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ ድረስ ለአንድም ጥያቄ መልስ አልሰጠችም። «መጠይቁ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል ተብሎ ነበር የታቀደው፤ እኛ ግን ሦስት ሰዓት ቆየን፤ እውነተኛው መልስ የመጣው ከበረካው በኋላ ነው» አለኝ። የጥናት ዘዴ መማሪያ መጻሕፍት ስለ በረካ የሚሉት ነገር የለም።

ቡናውን ለማየት ከጅማ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አጋሮ የሚወስደውን 45 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መሄድ ያሻል። መንገዱ በማናና በጎማ ወረዳዎች ውስጥ ሲያልፍ፣ ከዋንዛ፣ ከብሳናና ከግራር ጥላ ሥር የቆመው ቡና እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ ይመጣል፤ የጎማ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው በእኛ ቀበሌ በጮጬ ነው ይላሉ፤ የከፋ ሰዎች ደግሞ ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ሁለቱንም ቡና ጠጥቻለሁ።

እሸት ቡና እንደ ወተት ነው፤ ቀን አይጠብቅም። ጠዋት የተለቀመው ቀይ ፍሬ ከሰዓት በኋላ በሰብሳቢው ወይም በማኅበሩ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ በዚያው ምሽት መፈልፈያው ካልነካው መቦካት ይጀምራልና። አንድ ምሽት በአጋሮ አካባቢ ባለ እሸት መፈልፈያ ጣቢያ ቆሜ ሳይ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላም ሰው በሰልፍ ነበር፤ አባት በትከሻው፣ ሴት ልጅ በራሷ፣ ሕፃን በፌስታል ተሸክመው ይጠብቃሉ። ቀይና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሲመጣ መዛኙ በሸራ ላይ ያፈስሰውና «ልቀሙት» ብሎ ይመልሳል፤ ባለቤቱ እያጉረመረመ ተንበርክኮ ይለቅማል። ከዚያ ፍሬው በውኃ ተንሳፍፎ ቀላሉ ይወገዳል፣ ከልጡ ይላቀቃል፣ በገንዳ ውስጥ አንድ ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ ይቦካል፣ በቦይ ይታጠባል፤ በመጨረሻም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ከሳምንት በላይ በሴቶች እጅ እየተገላበጠ ይደርቃል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስትና ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ቀድሞ የጅማ ቡና ከነልጡ በመሬት ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሆኖ ይሸጥ ስለ ነበር፣ በውጭ ነጋዴ ዘንድ ስሙ የርካሽ ቡና ስም ሆኖ ቆይቷል፤ ጥፋቱ የፍሬው ሳይሆን የአደራረቁ እንደ ነበር የታወቀው ማኅበራት መፈልፈያ ሲተክሉ ነው። በ2012 እንደ አውሮፓውያን፣ በአጋሮ አካባቢ የሚገኘው የዱሮሚና ማኅበር ቡና በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቅምሻ ውድድር ከሁሉ በላይ ሆኖ ተመረጠ።

ቡናው ራሱ ግን ከዚያ በፊት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1971 እንደ አውሮፓውያን የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ፣ ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ እያጠቆረ ሲጥለው፣ ከጅማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ሊቃውንት በጫካው ውስጥ እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች ፈለጉ፤ ዘራቸውንም አራብተው ለገበሬ አደሉ። ዛሬ በጅማ ገበሬ አፍ የሚሰሙት እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ቁጥሮች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። መድኃኒቱ ከጫካው ውስጥ ተገኘ። ስለዚህ በበለጣና በጌራ ደኖች ውስጥ የቆመ ስሙ ያልታወቀ የቡና ዛፍ ለማገዶ ሲቆረጥ ባየሁ ቁጥር፣ ገና ያልተነበበ መጽሐፍ ሲቃጠል የማየት ያህል ይሰማኛል።

ከዚያው ደን ማሩም ይመጣል። ነዋሪው ከግንድ ፈልፍሎ የሠራውን ቀፎ በረጅሙ ዛፍ ጫፍ ላይ ይሰቅልና፣ በሌሊት ጭስ ይዞ በገመድ ይወጣል። ገተማ የሚሉት ዛፍ ሲያብብ የሚገኘው ማር ነጭ ነው፤ ከብሳና የሚገኘው ጠቆር ይላል፤ ግራዋ ያበበ እንደ ሆነ ምሬት ቢጤ ይጨምራል። በሂርማታ ማር ተራ አዋቂው ገዢ ጣቱን ነክሮ ይቀምስና የየትኛው ዛፍ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ሻጩም ካመነ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፣ ካላመነ ይሳደባል።

በዚህ ሁሉ በረከት መካከል የሚኖር ተማሪ ምን ይበላል? በየዩኒቨርሲቲው እንደሚታወቀው የግቢው ማዕድ በአብዛኛው ክክ ወጥና ዳቦ ነው፤ በሺህ ለሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ለማብሰል ከዚህ የተሻለ መላ አስቸጋሪ መሆኑን አልክድም። ስለዚህም ገንዘቡን ተቀብለው ከግቢ ውጭ የሚበሉ «ኖን ካፌ» ተብለው ይታወቃሉ፤ ከግቢው በር ውጭ ያሉትም ትንንሽ ምግብ ቤቶች፣ ጨጨብሳ በማር፣ ገንፎ በቅቤና በበርበሬ፣ ፍርፍርና ሽሮ እያቀረቡ በእነርሱ ይኖራሉ። ጁስ ቤቶቹ የሚሠሩት አቦካዶ በማንኪያ የሚበላ እንጂ የሚጠጣ አይደለም፤ ከማንጎ ጋር ተደራርቦ በላዩ ሎሚ ሲጨመቅበት «ስፕሪስ» ይሆናል፤ ለብዙ ተማሪ ምሳም እራትም እርሱ ነው። ከመቶ ሜትር ርቀት ላይ ትኩስ ጎመንና እንቁላል በሚሸጥበት ከተማ፣ ማዕዱ በአብዛኛው በደረቅ ጥራጥሬ ላይ መቆሙ ግን፣ እርሻን ለማስተማር በተመሠረተ ቦታ ሲታይ አሳፋሪ ይመስለኛል። የጨረታ ሕግ ቀላል አይደለም፤ ጎመንን ከአንድ ሺህ ሴቶች መግዛት ከአንድ ነጋዴ እንደ መግዛት አይቀልም። ቢሆንም ሊታሰብበት ይገባል።

የሞላ ገበያ የሞላ ማዕድ ማለት እንዳይደለም ራሱ ዩኒቨርሲቲው አሳይቷል። ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2005 እንደ አውሮፓውያን የተጀመረ፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከ2000 በላይ ወጣቶችን የተከታተለ ጥናት ነበር፤ ከተገኙት ነገሮች አንዱ፣ ምግብ በጎደለበት ቤት ወንዱና ሴቷ እኩል እንደማይራቡ ነው። ጉድለቱ የሚበረታው በልጃገረዲቱ ላይ ነው። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ገንዘብ ያመጣል፤ ገንዘቡ በመፀው ይገባና በሰኔና በሐምሌ ያልቃል፣ ጎተራውም በዚያው ወራት ይራቆታል። እሸት በራሷ ተሸክማ በአጋሮ ሰልፍ ላይ ያየኋት ልጅ በክረምት ምን ትበላ እንደ ነበር አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ይህ የገንዘብ አመጣጥ ለጫትም በር ከፍቷል። ጫት በዓመት ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፣ በጥሬ ገንዘብ ይሸጣል፤ ስለዚህ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ሞኝ አይደለም፣ ስሌቱን አውቋል። የቃሚው ደስታ «ምርቃና» መባሉ ብቻ ያሳዝነኛል፤ በድምፅ ምርቃትንና ምረቃን መስሎ በግብሩ ያልመሰላቸው ቃል ነው። ከግቢው ጀርባ ባሉ ቤቶች ስንት ምረቃ በምርቃና እንደ ቀረ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ።

የጅማ ዞን ሰው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ በከተማው የሚኖረው ክርስቲያንም ጥቂት አይደለም፣ ተማሪውም ከየአቅጣጫው የመጣ ነው። በረመዳን አመሻሽ የመግሪብ አዛን ሊሰማ ሲል በየመንገዱ ዳር ሳምቡሳው በዘይት ውስጥ ሲንጫጫ፣ ጎረቤት ክርስቲያን ሴት ለአፍጥር የሚሆን ሾርባ በድስት ይዛ ስትሻገር ይታያል፤ ለፋሲካ ደግሞ ዶሮው በሁለት ቢላዋ በሁለት ቤት ይታረድና አንዱ የሌላውን እንዳይበላ ይጠበቃል፣ ቡናው ግን በአንድ ጀበና ይፈላል። ሃይማኖት ሥጋውን ይለያል፤ ቡናን የለየ የለም። ገጠር ለወጣ እንግዳም አሮጌው ሥርዓት አልጠፋም፦ የቡናው ፍሬ ከነልጡ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል፣ ከተቆላ ገብስ ጋር በእፍኝ ይታደላል፤ በኦሮምኛ «ቡና ቀላ» ይሉታል፣ የታረደ ቡና ማለት ነው። ፍሬው ሲከፈት እንደ መሥዋዕት ይቆጠራል፤ አባወራውም ቅቤውን በእጁ እየነካ ቤቱን፣ ከብቱንና እንግዳውን ይመርቃል።

ከአጋሮ ተመልሼ በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ ሂርማታ ስሄድ፣ በርጩማ ያዋሱኝ እናት በቦታቸው ነበሩ። ያ ተማሪ ተመልሶ መጥቶ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። መጥቶ ነበር አሉ፤ ሦስቱ ሙዝ ምርቃት መሆናቸውን ረስቶ ሳይከፍል የወሰዳቸው መስሎት «ባለፈው የተሳሳቱ መሰለኝ» ብሎ ተጨማሪ ብር ሊሰጣቸው ሞክሯል፤ እርሳቸውም ስቀውበታል። አሁን ግን የሙዝ እጅ አልነበራቸውም፤ ቅቤ ብቻ ነበር፣ እርሱንም ለመሸጥ ይቸኩሉ ነበር። አንባቢ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ቢገጥመው፣ በሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ቅቤ ተራ ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ይከርርና የኮባው ቅጠል ማፍሰስ ይጀምራል።